ከአስተርእዮ እስከ ኪዳነ ምሕረት፦ ጠፍቶ የተገኘ የእርግዝና ቀን

መጋቢት 30 ቀን 2011 ዓ.ም.፣ የገብር ኄር ማግስት ሰኞ ጠዋት፣ አንዲት የ27 ዓመት እናት አማቷን አስከትላ ወደ ጤና ጣቢያችን መጣች። ጤና ጣቢያው በምሥራቅ ጎጃም፣ ከጮቄ ተራራ ግርጌ ካሉት ወረዳዎች በአንዱ ነው። ታሪኩን እንድጽፈው ፈቅዳልኛለች፤ ስሟንና ቀበሌዋን ግን አልጠቅስም።

ወደ እኔ ክፍል የመጣችው ለእርግዝና ምርመራ ብላ አልነበረም። ካርድ ያወጣችው ለጨጓራ ነው። በተመላላሽ ክፍል ያያት የጤና መኮንን ግን አንድ ወር ሙሉ የሚያስመልስ ጨጓራ አልዋጥልህ ብሎት መድኃኒት ከመጻፉ በፊት ወደ እናቶች ክፍል ላካት። ያ ሰው ያን ቀን የሠራው ሥራ ከእኔ ሥራ ይበልጣል፤ ይህን አስቀድሜ መጻፍ እፈልጋለሁ።

ፊቷ ገርጥቷል፤ ከንፈሯ ደርቋል። የአንድ ዓመት ከስምንት ወር ወንድ ልጇን በጀርባዋ አዝላለች። ነጠላዋን በአፍንጫዋ ላይ ጣል አድርጋ ነው የተቀመጠችው፤ ምክንያቱ የገባኝ በኋላ ነው፤ የክፍሉ የበረኪና ሽታ አልተስማማትም ነበር።

«የወር አበባሽ ለመጨረሻ ጊዜ የመጣው መቼ ነው?» አልኳት።

«የካቲት ላይ መጥቶልኛል፣ በኪዳነ ምሕረት» አለች ሳታመነታ። «ደግሞም ተመርምሬ የለም ተብያለሁ፣ ሲስተር።»

እኔም ካርዱ ላይ የካቲት 16 ብዬ ጻፍሁ። ከኪዳነ ምሕረት እስከዚያ ሰኞ ድረስ 44 ቀን ነው። የወር አበባዋ በየ28 ቀኑ የሚመጣ ከሆነ መጋቢት 14 ላይ መምጣት ነበረበት፤ አልመጣም። ይህንን ስነግራት አልደነገጠችም። «ጡት አጠባለሁ፤ መርፌም ስወጋ ነበር። መዛባቱ የታወቀ ነው» አለችኝ። እውነት አላት፤ ሁለቱም ያዛባሉ። እዚህ ላይ ነው ጉዳዩ የሚከብደው፤ ይህች ሴት ለእያንዳንዱ ምልክት ትክክለኛ የሚመስል መልስ ነበራት።

ከመርፌው ልጀምር። ሁለተኛ ልጇን ከወለደች በኋላ በየሦስት ወሩ የሚሰጠውን የእርግዝና መከላከያ መርፌ፣ ዲፖን፣ ትወጋ ነበር። የመጨረሻውን የተወጋችው በመስከረም 2011 መጀመሪያ ነው። ቀጣዩ በታኅሣሥ መጀመሪያ ነበር፤ ያን ሰሞን ግን ገብሱ ታጭዶ ውቂያው ተጀምሮ ነበርና ጤና ኬላው ከአውድማው ራቀባት። ጎረቤቶቿም «ዲፖ ከሰውነት ቶሎ አይወጣም፤ ዓመት ሳይሞላ አይረገዝም» ብለዋት ነበር። በዚህ አባባል ውስጥ ግማሽ እውነት አለ። ዲፖ ካቆሙ በኋላ የማርገዝ አቅም ከሌሎች መከላከያዎች ዘግይቶ ይመለሳል፤ ብዙ ሴቶች ለማርገዝ ከመጨረሻው መርፌ ጀምሮ ዘጠኝ ወይም አሥር ወር፣ አንዳንዶችም ከዚያ በላይ ይቆያሉ። ነገር ግን ይህ አማካይ ነው። የመርፌው ጊዜ ካለፈ በኋላ ብዙም ሳይቆይ እንቁላል የምታወጣ ሴት አለች። መዘግየቱን እንደ መከላከያ የቆጠረች ሴት ሳታስበው ታረግዛለች።

ጡት ማጥባትም እንዲሁ ነው። ጡት ማጥባት እርግዝናን የሚከላከለው ሦስት ነገሮች አንድ ላይ ሲሟሉ ብቻ ነው፤ ሕፃኑ ከስድስት ወር በታች ሲሆን፣ ቀንም ሌሊትም ከጡት በቀር ምንም ሳይሰጠው፣ የእናቲቱም የወር አበባ ከወሊድ በኋላ ገና ሳይመለስ። የእርሷ ልጅ እንጀራ ይበላል፣ ይሮጣል። ከሦስቱ አንዱም አልነበራትም።

ቀጥዬ ከየካቲት ጀምሮ የተሰማትን በቅደም ተከተል እንድትነግረኝ ለመንኋት። ቀኑን በቁጥር ከመጠየቅ በዓሉን መጠየቅ በእኛ አገር የተሻለ መልስ ያመጣል። አንዲትን የጎጃም እናት «ቀኑ ስንት ነበር?» ብትሏት ትቸገራለች፤ «ያን ጊዜ የትኛውን ታቦት ከቅጥር ውጭ ቆመሽ ተሳለምሽ?» ብትሏት ግን ወዲያው ትነግራችኋለች። በወር አበባ ላይ ያለች ሴት ቤተ መቅደስ ስለማትገባ፣ ከውጭ የቆመችበት በዓል ከማንኛውም መዝገብ ይልቅ በልቧ ተጽፎ ይኖራል። ባልደረቦቼ ይህን እንዲለምዱት ሁልጊዜ እወተውታለሁ።

በመጀመሪያ የታመመው ጡቷ ነበር። ልጁ ሲጠባ እንደ መርፌ ይወጋት ጀመር፤ ጡቷ ከበደ፣ ጫፉም ሲነካ ያማል። ጎረቤቷ ይህን ሰምታ ጠረጠረችና እንድትመረመር ገፋፋቻት። የቅበላው ሳምንት ሰኞ፣ የካቲት 18 ቀን፣ ከመድኃኒት ቤት የሽንት መመርመሪያ ገዝታ ከቀትር በኋላ፣ ቡናና ብዙ ውኃ ከጠጣች በኋላ፣ ራሷ መረመረች። አንድ መስመር ብቻ ወጣ። ጎረቤቷም እርሷም ነገሩ እንዳበቃ አመኑ።

የካቲት 25 ዐቢይ ጾም ገባ። ድካሙ የጀመረው ያን ጊዜ ነው፤ እንጀራ ስትጋግር ከምጣዱ ፊት እንቅልፍ ይጥላት ነበር። «ጾሙ ነው» አለች። ሌሊት ሁለት ሦስት ጊዜ ለሽንት ትነሣ ጀመር። «ብርድ መታኝ» አለች፤ የጮቄ ብርድ ደግሞ ይህን ለማሰብ በቂ ነው። በቅድስት ሳምንት፣ ወደ መጋቢት 3 ገደማ፣ ማቅለሽለሽ መጣ፤ ጠዋት ይብሳል እንጂ ቀኑን ሙሉ አይለቅም። እስከ ዘጠኝ ሰዓት ምንም ሳይቀምሱ ለሚውሉ ሰዎች የሆድ መላወስ እንግዳ ነገር አይደለም፤ ስለዚህ «ጨጓራዬ ተነሣ» አለች፤ መድኃኒት ቤትም የጨጓራ ሽሮፕ ሰጧት። ምራቅ በአፏ ይሞላል። አፏ ብረት ብረት ይላል። ሽንኩርት ሲቁላላ ከቤት ትወጣለች።

ከመፃጉዕ ማግስት ባለቤቷ ወደ አንድ የግል ክሊኒክ ወሰዳት። ደም ተሰጠ፤ «ታይፎይድ ትንሽ አለ» ተባለች፤ ሲፕሮፍሎክሳሲን ታዘዘላት። በብዙ ቦታ የሚሠራው የታይፎይድ የደም ምርመራ፣ ማለትም ዊዳል፣ አንድ ጊዜ ብቻ ተሠርቶ በሽታውን በእርግጠኝነት አይለይም፤ ቀድሞ በተያዘ ወይም በሌላ ምክንያት በተቆጣ ሰውነት ላይም አዎንታዊ ይሆናል። እዚያ ያያትን ባለሙያ ሙሉ በሙሉ ልወቅስ አልችልም። የወር አበባዋን ጠይቋታል። እርሷም ለእኔ የመለሰችውን መልሳለታለች፤ በኪዳነ ምሕረት መጥቷል፣ ተመርምሬም የለም ተብያለሁ። ጥያቄው እዚያ ላይ ቆመ። መድኃኒቱን ሦስት ቀን ወስዳ ማስመለሱ ስለባሰባት ተወችው።

የካቲት 16 አሁንም ካርዱ ላይ እንደ ተጻፈ፣ ይህን ሁሉ ሰምቼ ስጨርስ፣ ከበሩ አጠገብ የተቀመጡት አማቷ ጉሮሯቸውን ጠረጉ።

«ልጄ፣ የኪዳነ ምሕረቱ እኮ ደም አይደለም» አሉኝ። «ጠዋት ጠብታ አየሁ ብላ ከደጀ ሰላም ቀረች፤ ማታ አልነበረም። ደሙ የአስተርእዮ ማርያም ነው። ያን ጊዜ አምስት ቀን ሙሉ ነበረባት።»

ምራታቸው ዞር ብላ አየቻቸው። «እውነት ነው» አለች ቀስ ብላ። «የኪዳነ ምሕረቱ ትንሽ ነበር። ቡናማ ነገር። እኔ ግን መጣ ብዬ ቆጠርሁት።»

አስተርእዮ ማርያም ጥር 21 ነው። ካርዱ ላይ የጻፍሁትን ሰረዝሁ።

ይህ መታረም ምን እንደለወጠ ለማስረዳት ወደ ሰውነት ሥራ ልግባ። የወር አበባዋ ጥር 21 ከጀመረ፣ እንቁላል የወጣው ወደ የካቲት 4 ገደማ ነው። የተጸነሰው ጽንስ ወዲያው ከማሕፀን ጋር አይጣበቅም፤ እየተከፋፈለ ወደ ማሕፀን ተጉዞ እንቁላሉ ከወጣ ከ6 እስከ 12 ቀን ባለው ጊዜ ውስጥ ግድግዳው ላይ ይቀበራል። በዚህ ጊዜ አንዳንድ ሴቶች ጥቂት፣ ቀላ ያለ ወይም ቡናማ ደም ያያሉ፤ ከአንድ ወይም ከሁለት ቀን አያልፍም፣ ጨርቅም አያረጥብም። የካቲት 16 ከየካቲት 4 አሥራ ሁለተኛው ቀን ነው። የወር አበባዋ ይመጣል ተብሎ ከሚጠበቅበት ከየካቲት 19 ደግሞ ሦስት ቀን ይቀድማል። ስለዚህ ብዙ ሴት በእርሷ ቦታ ብትሆን «ትንሽ ቀድሞ መጣ» ማለቷ አይቀርም። ያ ጠብታ የመቀበሩ ደም ለመሆኑ ማረጋገጫ የለኝም፤ በመጀመሪያ ሳምንታት የሚታይ ደም ሌላም ምክንያት ሊኖረው ይችላል። የወር አበባ አለመሆኑን ግን መጠኑና ርዝመቱ ይናገራሉ። ስለዚህ ባለሙያው «መጣ ወይ?» ብሎ ማቆም የለበትም፤ «ስንት ቀን ቆየ? እንደ ወትሮው ነበር?» ብሎ መቀጠል አለበት። እኔም ያን ቀን ይህን ሳልጠይቅ ነው የጻፍሁት። አማቷ ባይኖሩ ኖሮ ስሕተቱ በእኔ እጅ ይጸና ነበር።

መመርመሪያው ለምን «የለም» እንዳለም አሁን ግልጽ ይሆናል። ወረቀቱ የሚፈልገው ኤች ሲ ጂ የተባለውን ሆርሞን ነው። ይህ ሆርሞን ጽንሱ ማሕፀን ላይ ከመቀበሩ በፊት በሽንት ውስጥ አይገኝም፤ ከተቀበረ በኋላ መጠኑ በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት በየሁለት ወይም በየሦስት ቀኑ በእጥፍ ያድጋል። በገበያ ያሉት አብዛኞቹ መመርመሪያዎች በአንድ ሚሊ ሊትር ሽንት ውስጥ 25 ሚሊ ዩኒት አካባቢ ሲደርስ ነው የሚያዩት። እርሷ የካቲት 18 ስትመረምር ጽንሱ ከተቀበረ ሁለት ቀን ቢሆነው ነው። ሆርሞኑ ገና ጥቂት ነው፤ ቀትር ላይ በጠጣችው ውኃ ደግሞ ቀጥኗል። ወረቀቱ አልዋሸም። የካቲት 18 በተጠየቀው ጥያቄ ላይ የካቲት 18 መልስ ሰጠ። እኛ ነን ያንን የአንድ ቀን መልስ ለስድስት ሳምንት ያስረዘምነው።

ስለዚህ ማን መቼ ይመርመር? የወር አበባዋ ቀን ጠብቆ የሚመጣ ሴት ከሚጠበቅበት ቀን አልፎ ከቀረ ጀምሮ መመርመር ትችላለች፤ ከዚያ በፊት የሚወጣ «የለም» እምነት አይጣልበትም። ጠዋት ከእንቅልፍ ስትነሣ የመጀመሪያው ሽንት ይሻላል፤ ሌሊቱን ስለተጠራቀመ አይቀጥንም። የመመርመሪያው ማብቂያ ቀን ይታይ፤ ማረጋገጫው መስመር ካልወጣ ወረቀቱ ተበላሽቷል ማለት ነው፤ መልሱም በማሸጊያው ላይ በተጻፈው ደቂቃ ውስጥ ይነበብ እንጂ ጥላው ሄዳ ማታ ተመልሳ አትየው፤ ሲደርቅ አሳሳች ጥላ ሊታይ ይችላልና። ሁለተኛው መስመር ደብዘዝ ቢልም በጊዜው ከታየ አለ ማለት ነው። መልሱ «የለም» ሆኖ የወር አበባው ግን ካልመጣ ከሰባት ቀን በኋላ ይደገም። ቀን ለማይቆጠርላት ሴት፣ ለምታጠባ፣ ዲፖ ለተወችና የወር አበባዋ ለሚዛባባት፣ መቁጠሪያው ያለ መከላከያ ከባሏ ጋር የተገናኘችበት የመጨረሻ ቀን ነው፤ ከዚያ 21 ቀን ካለፈ በኋላ የሚደረግ ምርመራ ይታመናል።

ከዚህ ሁሉ በፊት የሚመጣ አንድ ነገር ግን አለ። የወር አበባ ቀርቶ ወይም እርግዝና ተጠርጥሮ፣ በአንድ በኩል የሚበረታ የሆድ ሕመም፣ ደም መፍሰስ፣ ራስን መሳት ወይም የትከሻ ጫፍ ሕመም ካለ ሰባት ቀን አይጠበቅም፤ በዚያው ሰዓት ወደ ሕክምና መሄድ ነው። ከማሕፀን ውጭ የተቀመጠ እርግዝና ቱቦውን ሲቀድ ሴት በሰዓታት ውስጥ ልትሞት ትችላለች። ይህች እናት እነዚህን ምልክቶች አንድ በአንድ ጠይቄያት አንዱም አልነበረባትም።

የሽንት ምርመራው ውጤት ሲመጣ ሁለቱም መስመሮች ደምቀው ነበር። ከጥር 21 ሲቆጠር ያን ቀን 69 ቀኗ ነው፤ ዘጠኝ ሳምንት ከስድስት ቀን።

ስነግራት ብዙ ጊዜ ዝም አለች። ከዚያ አለቀሰች። ልጇ ገና እየጠባ ነው፤ ቢያንስ ሁለት ዓመት ልታርፍ አስባ ነበር፤ በጾሙ ላይ መድኃኒት ውጣለች። «ገድዬው ይሆን?» ብላ ጠየቀችኝ። ከጠየቀችኝ ሁሉ በጣም የከበደኝ ይህ ነው። ሲፕሮፍሎክሳሲን በእርግዝና ጊዜ ሌላ አማራጭ እያለ የሚመረጥ መድኃኒት አይደለም፤ ነገር ግን ሳያውቁ በመጀመሪያዎቹ ወራት በወሰዱት እናቶች ላይ የታየው መረጃ የጎላ የአካል ጉድለት መጨመር አላሳየም። ይህንኑ ነገርኋት። እርሷ ሦስት ቀን ነው የወሰደችው። የዶክሲሳይክሊንና የአልቤንዳዞል ትእዛዝ ቢሆን ኖሮ ሌላ ጥንቃቄ ያስፈልግ ነበር፤ የመጀመሪያው በእርግዝና፣ ሁለተኛው በመጀመሪያዎቹ ሦስት ወራት አይመከሩም። በገጠር መድኃኒት ቤቶች ሁለቱም በቀላሉ ስለሚገኙ፣ የወር አበባዋ የቀረባት ማንኛዋም ሴት መድኃኒት ከመቀበሏ በፊት «እርጉዝ ልሆን እችላለሁ» ብላ በአፏ እንድትናገር እለምናለሁ።

አማቷን ደግሞ ጠየቅኋቸው። «እማማ፣ እርስዎ ጠርጥረው ነበር?»

«ቡና ስቆላ ከቤት ወጥታ አጥር ሥር ስትቆም አይቻለሁ» አሉ። «በሁለቱም ልጆቿ እንዲሁ ነበረች። አውቄዋለሁ።»

«ታዲያ ለምን አልነገሯትም?»

«ገና ሳይገለጥ እንዴት በአፌ እጠራዋለሁ፣ ልጄ? የሰው ዓይን አለ። እግዚአብሔር ሲገልጠው ይገለጣል ብዬ ዝም አልሁ።»

ይህን ዝምታ አከብረዋለሁ። ጽንሱን የሚጠብቁ መስሏቸው ነው። በአካባቢያችን ብዙ እናቶች ሆዳቸው ገፋ እስኪል ድረስ ወደ እኛ የማይመጡበት አንዱ ምክንያትም ይኸው ነው። ለእርሳቸው ያልሁት ይህን ብቻ ነው፦ ለጎረቤት አይንገሩ፣ ለእኛ ግን ይንገሩን፤ የእኛ መዝገብ አደባባይ አይደለም። ራሳቸውን ነቀነቁ። በዚያ ዓመት ሌሎች ሁለት የቤተ ዘመድ ምራቶችን ይዘው መጥተዋል።

ምርመራዋን ቀጠልን። የደም ግፊቷ 100 በ60 ነበር። ክብደቷ 48 ኪሎ፤ በመስከረም ጤና ኬላ ስትመዘን 50 ነበረች። ሽንቷ ውስጥ ኬቶን አንድ መስቀል ታየ፤ የበላችው ስለማይበቃት ሰውነቷ ስቡን ማቃጠል ጀምሯል ማለት ነው። ማስመለሱ ከባድ ወደሚባለው ደረጃ ግን አልደረሰም፤ ለዚያ ክብደቷ ከአምስት በመቶ በላይ መቀነስ ነበረበት። ሄሞግሎቢኗ 10.8 ነበር፤ በእርግዝና የመጀመሪያ ሦስት ወራት ከ11 በታች ደም ማነስ ይባላል። የኤች አይ ቪና የቂጥኝ ምርመራዋ ነጻ፣ የደም ዓይነቷም ተጻፈ። ጤና ጣቢያው ላይ ለዚህ ሁሉ ምንም አልከፈለችም፤ የእናቶች አገልግሎት ነጻ ነውና። ለአንዲት መመርመሪያ፣ ለጨጓራ ሽሮፕና ለታይፎይድ መድኃኒት ያወጣችው ግን የአንድ ገበያ ቀን ሽያጭ ነበር።

አይረንና ፎሊክ አሲድ ሰጠኋት። እዚህ ላይ አንድ የሚያሳዝነኝ ስሌት አለ። የጽንሱ አንጎልና ኅብለ ሰረሰር የሚሆነው የነርቭ ቧንቧ ከተጸነሰ በ28 ቀን ውስጥ ይዘጋል። ከየካቲት 4 ብንቆጥር መጋቢት 2 ላይ ነው፤ ማቅለሽለሹ በጀመረበት ዋዜማ። ቧንቧው በደንብ እንዲዘጋ የሚረዳው ፎሊክ አሲድ ግን የተሰጣት መጋቢት 30 ነው። ለደሟ ይጠቅማታል፤ ለዚያ ሥራ ግን አልደረሰም። ልጅ ያሰበች ሴት ፎሊክ አሲድ መጀመር ያለባት ሳታረግዝ ነው የምንለው ለዚህ ነው። የዓለም ጤና ድርጅትም ከ2016 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ነፍሰ ጡር ስምንት ጊዜ እንድትታይ፣ የመጀመሪያውም እስከ 12ኛ ሳምንት እንዲሆን ይመክራል፤ እርሷ በ10ኛው ሳምንት ገደማ መድረሷ ከብዙዎቹ ቀድማለች ያሰኛታል።

ለማቅለሽለሹ ቫይታሚን ቢ6 አዘዝሁላትና የአመጋገቧን ነገር ተነጋገርን። ጠዋት ከመኝታዋ ሳትነሣ ጥቂት ቆሎ ወይም ደረቅ ቂጣ፤ ከዚያ በየሁለት ሰዓቱ ትንሽ ትንሽ፤ ውኃውን ከምግቡ ለይታ፤ ዝንጅብል በሻይ። ሁሉም የጾም ምግብ ነው፤ ችግሩ ሰዓቱ ነበር። «ሰዓት ሳይደርስ እንዴት እቀምሳለሁ?» አለችኝ። እኔ በዚህ ላይ ሥልጣን የለኝም፤ የንስሐ አባቷን እንድትጠይቅ ነገርኋት፤ አማቷም አብረው ሄዱ። ነፍሰ ጡርና ሕመምተኛ ሰዓቱ እንዲቀርላቸው መፍቀድ የንስሐ አባቶች የቆየ ልማድ ነው። ፈቀዱላት። ከዚያ ቀን ጀምሮ በሶውን በጠዋት ትበጠብጥ ጀመር፤ ሆሳዕና ሲደርስ ማስመለሱ በቀን አንድ ጊዜ ሆኖ ነበር። ልጁንም ጡት እንድታስጥለው ግድ እንዳልሆነ ነገርኋት፤ ጤነኛ እርግዝና ያላት ሴት በቂ ከበላች ማጥባት ትችላለች። የእርጉዝ ወተት ልጅ ያሳምማል የሚለው ግን ከቤቷ አልወጣም፤ ከፋሲካ በኋላ አስጣለችው።

የመውለጃ ቀኗን ያሰላነው በራሳችን ዘመን አቆጣጠር ነው። እርግዝና ከመጨረሻው የወር አበባ የመጀመሪያ ቀን 280 ቀን ነው። ወሮቻችን ሠላሳ ሠላሳ ቀን ስለሆኑ ዘጠኝ ወር ከዐሥር ቀን ይመጣል፤ መንገዱ ጳጉሜን የሚያልፍ ከሆነ ግን የጳጉሜን ቀኖች ከዐሥሩ ላይ ይቀነሳሉ። 2011 ዓ.ም. ጳጉሜን ስድስት የሆነበት ዓመት ነበር፤ ስለዚህ ዘጠኝ ወር ከአራት ቀን። ጥር 21 ላይ ዘጠኝ ወር ስንጨምር ጥቅምት 21፣ አራት ቀን ሲታከል ጥቅምት 25 ቀን 2012። መጀመሪያ በጻፍሁት በየካቲት 16 ብናሰላው ኅዳር 20 ይሆን ነበር። ልዩነቱ 25 ቀን ነው።

ሚያዝያ 9 ቀን ሆስፒታል ሄዳ አልትራሳውንድ ተነሣች። በእኛ ስሌት ያን ቀን 11 ሳምንት ከአንድ ቀን ነበረች፤ መሣሪያው 11 ሳምንት ከሦስት ቀን አለ። በመጀመሪያዎቹ ሦስት ወራት የሚነሣ አልትራሳውንድ ቀን ለመወሰን ከሁሉ የተሻለ ነው፤ ስሕተቱ ከአምስት እስከ ሰባት ቀን አያልፍም። የአማቷ ትውስታ በሁለት ቀን ብቻ ተለየ።

ከዚያ በኋላ ያለው እርግዝና ብዙ የሚጻፍለት ነገር የለውም። ደሟ ተሻሻለ፣ ክብደቷ ጨመረ፣ ቀጠሮዎቿን አላስቀረችም።

ጥቅምት 22 ሌሊት ምጥ ያዛት። ተረኛዋ ባልደረባዬ ካርዷን ገልጣ 39 ሳምንት ከአራት ቀን አነበበች፤ ጊዜው የደረሰ ምጥ ነው ብላ እዚያው አዋለደቻት። ካርዱ ላይ የተሰረዘው ቀን ሳይሰረዝ ቢቀር ኖሮ የሚነበበው ልክ 36 ሳምንት ይሆን ነበር፤ 37 ያልሞላ ምጥ ያለጊዜው የመጣ ነው፤ ይህች እናት ምጥ እያማጠች በሌሊት፣ በዚያ የጮቄ ኮረኮንች፣ በአምቡላንስ ወደ ሆስፒታል ትላክ ነበር። ሕፃኗ ሴት ናት፤ 3.1 ኪሎ።

በታኅሣሥ መጀመሪያ፣ በስድስተኛው ሳምንት ቀጠሮዋ፣ ሕፃኗን ይዛ መጣች። ዲፖውን አልፈለገችም፤ በክንድ ቆዳ ሥር የሚቀበረውን መረጠች፤ የመኸር ሥራ ሲመጣ ቀጠሮ የማያስረሳ። በነጠላዋ ጫፍ ቋጥራ አንድ የቤተ ክርስቲያን የቀን መቁጠሪያ አምጥታ ነበር፤ አማቷ ገዝተው ግድግዳ ላይ የሰቀሉት ነው። «ተመልሶ ሲመጣ እዚህ ላይ ምልክት አደርጋለሁ» አለችኝ። «ጠብታ ከሆነ ነጥብ፣ ደም ከሆነ መስመር።»